የፎርፌ ሻምፒዮን

ዳኛው ተቅዋን በክንዷ ይዞ ወደ ሪንጉ መሀል ካመጣት በኋላ ፊቱን ወደ ቀዩ ጥግ አዞረ። በቀዩ ጥግ በርጩማ አለ፤ ውኃ የያዘ ባልዲ አለ፤ ቦክሰኛ ግን የለም። ድምፅ ማጉያው የተጋጣሚዋን ስም ደጋግሞ ቢጠራም «አቤት» የሚል ጠፋ። ዳኛው ትንሽ ጠበቀና የተቅዋን ቀኝ እጅ ወደ ላይ አነሳው።

«በሴቶች ሃምሳ አንድ ኪሎ፣ በፎርፌ አሸናፊ፣ ከየካ፣ ተቅዋ አብዱልናስር!»

ከኋላ ወንበር አንዱ «ኧረ ከዳኛው ጋር አጋጥሟት!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ ዳኛውንም ሳቅ አመለጠው። ተቅዋ ብቻ አልሳቀችም። ሜዳሊያው አንገቷ ላይ ሲጠለቅላት ዓይኗ የሪንጉን ወለል ነበር የሚያየው። ባለፈው ውድድርም እንደዚሁ ሆኖ ነበር፤ ከዚያ በፊት በነበረውም።

ወደ ቤት ሲመለሱ መገናኛ ላይ ለቀላል ባቡሩ የተቆፈረው መንገድ ታክሲውን እንደ ኤሊ አስጎተተው። ተቅዋ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ፣ ፊቷን ወደ አቧራው አዙራ ታለቅሳለች። አሰልጣኟ ገመዳ አጠገቧ ነው፤ ላመል ያህል ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወርቅ ይዛ የምታለቅስ ልጅ ዛሬ ገና አየሁ።»

«ምን ሠርቼ ያገኘሁት ወርቅ ነው፣ ኮች? ልብስ ስለቀየርኩ እኮ ነው የተሸለምኩት።»

ገመዳ መሀረቡን አውጥቶ ሰጣት።

ነገሩ የጀመረው ወሰን ሰፈር፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ባለችው የአባቷ የጎማ ጥገና ቤት ነው። አብዱልናስር የታወቀ ጎሚስታ ነው። ተቅዋ ቤት ተቀመጪ ስትባል ሹልክ እያለች ሥራ ቦታው ድረስ ትመጣበታለች። መጀመሪያ ብሎን ታቀብል ነበር፤ ቀጥሎ ጎማ ማንከባለል ጀመረች፤ ከፍ ስትል ደግሞ ከእሷ የሚከብድ የሚመስለውን መዶሻ አንሥታ ከቸርኬው ጋር የተጣበቀ የጭነት መኪና ጎማ ታላቅቅ ገባች። መዶሻ የሚያነሣ ሰው በክንዱ ብቻ ከተማመነ ከሰዓት በፊት ይደክመዋል። ጉልበቱ ከተረከዝ ተነሥቶ፣ በወገብ ዞሮ፣ መጨረሻ ላይ ነው እጅ ጋ የሚደርሰው። ይህንን ማንም አልነገራትም፤ ሰውነቷ ራሱ ደረሰበት።

ገመዳ ያያት የተሳፈረበት ሚኒባስ ጎማው ፈንድቶ እዚያ የቆመ ጊዜ ነው። እሱ ራሱ በወጣትነቱ በዚሁ በሃምሳ አንድ ኪሎ፣ ፈረንጆቹ «የዝንብ ክብደት» በሚሉት፣ ሲጋጠም የኖረ ሰው ነው። ተሳፋሪው ሁሉ ስለ መዘግየቱ ሲያጉረመርም እሱ የልጅቷን ተረከዝና ወገብ ሲመለከት ቆየ። ከዚያ ወደ አባቷ ጠጋ ብሎ፣

«ይቺን ልጅ ቦክስ ላሠልጥናት» አለ።

አብዱልናስር ሳቀ። «ዝንብ የምታክል ልጅ ማንን ልትመታ?»

«የሚያክሏትን።»

አባትየው አንድ ሳምንት አሰበበትና ፈቀደ። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ገመዳ በሚያሠለጥንበት የወጣቶች ማዕከል ውስጥ በአሸዋ የተሞላውን ጆንያ እየደበደበች፣ ከሰዓት መዶሻዋን እያነሣች አንድ ዓመት ተለማመደች። የመጀመሪያ ተጋጣሚዋ ጵርስቅላ የምትባል የኮተቤ ልጅ ነበረች፤ መምህርነት የምትማር፣ ለመሀል ከተማ ክለብ የምትወዳደር፣ እግሯ መሬት የማይነካ የሚመስል፣ በክብደቷ ማንም አሸንፏት የማያውቅ። ደወሉ ተደወለ። ጵርስቅላ ሁለቴ ዞር ዞር ብላ ልትገባ ስትል የተቅዋ ግራ እጅ አገጯን አገኘው። ልጅቷ ገመዱ እንደተቆረጠበት የተሰጣ ልብስ እጥፍ ብላ ወደቀች። በዝረራ! ተመልካቹ ገና ወንበሩን እየፈለገ ነበር።

ጵርስቅላን ሐኪም ቤት ወስደው መረመሯት፤ በማግሥቱ ደህና ሆነች። ወሬው ግን አልዳነም። መገናኛ ሲደርስ መንጋጋዋ ተሰብሯል፤ አራት ኪሎ ሲደርስ በቱቦ ነው የምትመገበው፤ መርካቶ ሲደርስ ጭራሽ አፏ ዞሮ ቀርቷል። አሰልጣኞች ይህንን ሰሙ። አንዱ የሚያሠለጥናትን ልጅ ቶሎ ቶሎ አብልቶ ወደ ሃምሳ አራት ኪሎ አሳደጋት፤ ሌላው የራሱን አስርቦ ወደ አርባ ስምንት አወረዳት። የቀሩት ልጆች በውድድሩ ቀን ያማቸዋል። ማዕከሉ ውስጥ ያሉት ወንዶችም አብረዋት አይለማመዱም፤ ቢያሸንፏት «ሴት መታህ» ይባላሉ፣ ቢሸነፉ ደግሞ የሚባሉትን እነሱም አይፈልጉም።

ከፎርፌው በኋላ በነበረው ሳምንት፣ ለብሔራዊ ቡድን ቦክሰኞች የሚመርጠው ከበበ ወደ ማዕከሉ መጣ። ተቅዋ ጆንያውን ስትመታ እጁን አጣጥፎ አየ። ጆንያው የተሰቀለበት ሰንሰለት ሲጢጥ ሲል ቅንድቡን ቢያነሣም ወደ ገመዳ ዞሮ የተናገረው ሌላ ነው።

«ጠንካራ ናት። ግን ጆንያ አይመታም፣ አይሸሽም። ምን አይቼ ልምረጣት?»

«ተጋጣሚ ከጠፋ እሷ ምን ታድርግ?»

«እኔም አልፈርድባትም፣ ገመዳ። ብቻ ከፋሲካ በኋላ በሚኖረው ውድድር ሁለተኛ ሰው ካልተመዘገበ ሃምሳ አንድ ኪሎ ይቀራል። ለአንድ ሰው ብለን ክብደት አንከፍትም።»

ከበበ ከሄደ በኋላ ተቅዋ ጓንቷን ሳታወልቅ ቁጭ አለች። «የቀረ አሰልጣኝ አለ ያልለመኑት?»

«የለም» አላት ገመዳ። «ሁሉንም ለምኛለሁ። ሁለቱ ስልኬን ማንሣት ትተዋል።»

«አሰልጣኞቹን ነው የለመኑት። ልጆቹንስ?»

በማግሥቱ ሻሿን አስተካክላ አሥራ፣ የኮተቤን ታክሲ ያዘች። እየጠየቀች ሄዳ አንድ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር አንኳኳች። የከፈተችላት የጵርስቅላ እናት ዶርቃ ናት፤ ከቤተ ክርስቲያን መመለሷ ነበርና መጽሐፍ ቅዱሷን ገና አላስቀመጠችም።

«ማንን ፈልገሽ ነው፣ የኔ ልጅ?»

«ጵርስቅላን፣ እትዬ።»

«ማን ልበላት?»

ተቅዋ ለአፍታ መዋሸት አማራት። «ተቅዋ ነኝ። ያኔ... የመታኋት።»

ዶርቃ ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ አየቻት። ደግማ አየቻት። «አንቺ? ይቺው ነሽ?» አለች። «እኔ እኮ ስጸልይ በዓይነ ኅሊናዬ የሚመጣብኝ የበር መቃን የምታክል ሴት ነበረች!» ከዚያ ፊቷ ኮስተር አለ። «ይቅርታ ልትጠይቂያት ከሆነ ግቢ። ልጄ ቂም አትይዝም።»

«አይ፣ እትዬ። እንደገና እንድትገጥመኝ ልለምናት ነው የመጣሁት። እንዳይቀየሙኝ።»

በሩ ሊዘጋ ሲል ከውስጥ «እማዬ፣ ትግባ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ጵርስቅላ ሳሎን ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ተቅዋ ሳታውቀው ዓይኗ መጀመሪያ የሄደው ወደ አገጯ ነው። ጵርስቅላ አየቻትና ፈገግ አለች።

«ሁሉም ሰው እዚያ ጋ ነው የሚያየኝ። ኳየር ውስጥ ስዘምር እንኳ ሰው መዝሙሩን ትቶ አፌን ያያል። ደህና ነኝ። ምንም አልተሰበረም።»

«ታዲያ ቦክሱን ለምን ተውሽው?»

ጵርስቅላ እናቷ ወደ ጓዳ እስክትገባ ጠበቀች። «አልዋሽሽም። ፈርቼሽ ነው። እጅሽ ሲመጣ አላየሁትም፤ ያየሁት ጣሪያውን ነው። እስካሁን መንገድ ላይ ሰው ድንገት ሲዞርብኝ እጄ በራሱ አገጬ ጋ ይሄዳል።»

ተቅዋ ለመናገር ያሰበችው ብዙ ነበር፤ ስለ ብሔራዊ ቡድን፣ ስለሚዘጋው ክብደት። ከአፏ የወጣው ግን ለገመዳም ነግራው የማታውቀው ነገር ነው።

«እኔም እፈራለሁ።»

«አንቺ! ምኑን?»

«እስከ ዛሬ ማንም መትቶኝ አያውቅም። ሰው ሲመታኝ ልሽሽ፣ ላልቅስ፣ ምን ልሁን አላውቅም። ሁሉም ጠንካራ ነሽ ይለኛል። እኔ ግን ቦክሰኛ ልሁን መዶሻ ልሁን ለይቼ አላውቅም።»

ጵርስቅላ ወንበሯን ወደ ተቅዋ አስጠጋች። ጓዳ ውስጥ ሲንኳኳ የነበረው ሳህን ቆመ።

«እንግዲያው እኔ ልምታሽ» አለች ጵርስቅላ። «አብረን እንለማመድ። በቃ እስክልሽ ድረስ ግን እኔ ብቻ ነኝ የምመታው፤ አንቺ ትከላከያለሽ። ከዚያ ልቤ ከተመለሰ እመዘገባለሁ። ካልተመለሰ አትቀየሚኝም።»

«ወላሂ አልቀየምሽም።»

ከጓዳ የዶርቃ ድምፅ መጣ፤ «መቺዋ ጵርስቅላ ብቻ ከሆነች እኔም አሜን ብያለሁ!»

እንዲህ ተጀመረ። ሲነጋጋ ሦስቱ እንጦጦ ሥር ይገናኙና ባሕር ዛፉን ሰንጥቆ የሚወጣውን ዳገት ይያያዙታል። ገመዳ ጉልበቱን ስለሚያመው እግረ መንገዱን አንድ ድንጋይ ላይ ይቀርና ሲመለሱ ይቀላቀላቸዋል። ዳገቱ ላይ ተቅዋ ትቀድማለች፤ ቁልቁለቱ ላይ ጵርስቅላ እንደ ሚዳቋ እየዘለለች ጥላት ትወርዳለች። ከዚያ ወደ ማዕከሉ ሄደው ጓንት ያጠልቃሉ።

በመጀመሪያው ቀን የጵርስቅላ ቀጥተኛ ግራ እጅ የተቅዋን አፍንጫ አገኘው። ከባድ ምት አልነበረም። ተቅዋ ግን ዓይኗ በእንባ ተሞላ፣ ደም ከንፈሯ ላይ ወረደ፣ ሳታስበውም ጀርባዋን ሰጠች።

«ጀርባ አይሰጥም!» ብሎ ጮኸ ገመዳ። «ምን ነካሽ?»

ወንዶቹ ልምምዳቸውን አቁመው አዩአት። ያች ሰው ሁሉ የሚሸሻት ልጅ ገመዱን ይዛ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆማለች። ጵርስቅላ ጓንቷን አውልቃ መጣችና በፎጣ አፍንጫዋን ያዘችላት።

ከሰዓት ሥራ ቦታ ስትደርስ አባቷ ያበጠውን አፍንጫዋን አየ። «ማን ነው?»

«ጓደኛዬ ናት።»

«ጓደኛሽ!» አብዱልናስር የያዘውን ቁልፍ አስቀመጠ። ልጁ ምን እንደገጠማት በዝርዝር ነገረችው፤ ነገ እንደማትሄድም ነገረችው። አባትየው ሲሰማ ቆየና ጥፍሩ የተጣመመ አውራ ጣቱን አሳያት። «መጀመሪያ መዶሻ የሳትኩ ቀን ጎማ ጥገና ለዘላለም ይቅርብኝ ብዬ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ስስተው አመመኝ፤ ግን ሕመሙን አውቀው ነበር። የታወቀ ሕመም ያማል እንጂ አያስፈራም። ነገ ሂጂና ተዋወቂው።»

ሄደች። በዚያም ቀን ተመታች፤ በማግሥቱም። ዓይኗ ቀላ፣ ከንፈሯ ተላጠ። ቀስ በቀስ ግን አንድ ነገር ተለወጠ። ቡጢ ከመምጣቱ በፊት የጵርስቅላ ትከሻ ትንሽ ዝቅ እንደሚል አየች። እግሯ ወደ የት እንደሚያመራ አየች። አንድ ጠዋት አራት ያህል ቡጢ ተከታትሎ መጣባትና አንዱም ሳይነካት አለፈ፤ ተቅዋ ራሷን ይዛ ሳቀች። ጵርስቅላም ሳቀች። ገመዳ «ቲያትር ቤት አይደለም!» ብሎ ቢቆጣም እሱም ፊቱን አዙሮ ነው የተቆጣው።

«ዛሬ አንቺም ምቺ» አለች ጵርስቅላ አንድ ቀን።

ወንዶቹ ልምምዳቸውን ትተው ወደ ሪንጉ ዞሩ። ተቅዋ ቀረበችና ግራ እጇን ሰነዘረች፤ ሕፃን እንደመዳበስ ያለ ነበር። ጵርስቅላ እጇን አወረደች።

«እያዘንሽልኝ ነው? የሚያዝንልኝ ብፈልግ እቤቴ እቀመጥ ነበር። ምቺኝ!»

ተቅዋ ገመዳን አየችው፤ ራሱን ነቀነቀላት። ከተረከዟ ተነሣች። ጵርስቅላ ሁለት ክንዷን ግጥም አድርጋ መከላከያዋ ላይ ተቀበለችው፤ ምቱ ግን ገፍቶ ከገመዱ ጋር አላተማት። ገመዱ መለሳት። አልወደቀችም፤ በእግሯ ቆማለች።

«አየሁት» አለች ጵርስቅላ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ሲመጣ አየሁት!» ያን ቀን ከሰዓት ክለቧ ሄዳ በሃምሳ አንድ ኪሎ ተመዘገበች።

የውድድሩ ቀን አዳራሹ ሞላ፤ ሁለቱ እንደገና ሊገናኙ ነው የሚለውን ወሬ ያልሰማ የቦክስ ሰው አልነበረም። አብዱልናስር አንድ ወንበር አግኝቶ ሲቀመጥ አጠገቡ ነጠላ የለበሰች ሴት ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። እሱም በልቡ ዱዓ ያደርግ ነበር። ስትጨርስ ጠየቃት።

«ለየትኛዋ ነው፣ እህቴ?»

«ለቀይዋ። እርስዎስ?»

«ለሰማያዊዋ።»

ዶርቃ ዘወር ብላ አየችው። «ልጅዎ ናት? ኧረ እባክዎን፣ እጇን ይያዙልኝ!» አለች። አብዱልናስርም «የልጄን አፍንጫ ያየሁ ቀን እኔም ስለ ልጅዎ እጅ እንዲሁ ብዬ ነበር» አላት፤ ሁለቱም ሳቁ።

ደወሉ ተደወለ። በመጀመሪያው ዙር ጵርስቅላ እየገባች እየወጣች ነጥብ ሰበሰበች። በሁለተኛው ተቅዋ አንዱን በሆዷ፣ አንዱን በትከሻዋ አሳረፈችባት፤ ግን እሷም ደጋግማ ተመታች። በተመታች ቁጥር አገጯን ደብቃ ወደፊት ትራመዳለች። ጀርባዋን ያየ ሰው የለም። ገመዳ በእረፍቱ ፊቷን በፎጣ እየጠረገላት «እንዴት ነሽ?» ሲላት «ደስ ይላል!» ብላ መለሰችለት፤ ጥርስ መከላከያዋ በአፏ ስለነበር ሁለቴ ነው የተናገረችው።

በመጨረሻው ዙር መሀል፣ ጵርስቅላ ወደ ቀኝ ስትወጣ ያ ግራ እጅ መጣ። አየችው፤ ግን ሙሉ በሙሉ አላመለጠችውም። ወለሉ ላይ በጉልበቷ ወደቀች። ዶርቃ የአብዱልናስርን እጅጌ ጨምድዳ ያዘች። ዳኛው መቁጠር ጀመረ። ተቅዋ ገለልተኛው ጥግ ላይ ቆማ፣ ድምፅዋ ሳይወጣ «ተነሺ፣ ተነሺ» ትላለች። ጵርስቅላ ስምንት ሲባል በእግሯ ቆማ ጓንቷን ከፍ አደረገች። ዳኛው ዓይኗን ተመለከተና «ቀጥሉ!» አለ። ሁለቱ ደወሉ እስኪያቆማቸው ድረስ ተያያዙት፤ ከዚያ ተቃቅፈው ቀሩ፤ ማን ማንን እንደደገፈ አይታወቅም።

ዳኛው ያነሣው የጵርስቅላን እጅ ነው። በነጥብ፣ በትንሽ ልዩነት።

ተቅዋ ከሪንጉ ስትወርድ አለቀሰች። ግን ይህ የታክሲው ለቅሶ አልነበረም፤ እያለቀሰች ገመዳን «በሁለተኛው ዙር ቀኜን ቶሎ ብመልስ ኖሮ...» እያለች ትከራከረው ነበር። ከበበ ከዳኞቹ ጠረጴዛ ተነሥቶ መጣ።

«ሁለታችሁም ለብሔራዊ ቡድኑ ዝግጅት ትገባላችሁ» አለ። «አንዷን ብቻዋን ወስጄ ከጆንያ ጋር አላስራትም። ማን እንደሚሰለፍ እዚያው ይለያል።» ጵርስቅላ ከሩቅ ሰምታ ጓንቷን አወናጨፈች።

ማንም ያልጠበቀው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የየካዋ ልጅ ትሸነፋለች የሚለው ወሬ ከበፊተኛው ባልተናነሰ ፍጥነት ከተማውን አዳረሰ። አስርቦ ልጁን ያወረደው አሰልጣኝ መልሶ አበላት። ስልክ ማንሣት ትተው የነበሩት ራሳቸው ለገመዳ ደወሉ። በክረምቱ ማብቂያ በተደረገው ውድድር፣ ለሃምሳ አንድ ኪሎ ሚዛን ላይ ለመውጣት ልጃገረዶች ከበሩ እስከ ኮሪደሩ ተሰልፈው ነበር።

ለተቅዋ የደረሰቻት ወንጌል የምትባል የሲ.ኤም.ሲ ሰፈር ልጅ ነች፤ አዲስ፣ ረዥም፣ ክንዷ ቀጭን። ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ጎን ለጎን ጫማቸውን ሲያሥሩ ወንጌል ቀና አለች።

«እውነት እንደሚሉት ነው የምትመቺው?»

«አዎ» አለች ተቅዋ።

ወንጌል የጫማዋን ክር አጥብቃ ቋጠረች። «እኔ ደግሞ ፈጣን ነኝ።»

ሪንጉ ላይ ወጡ። ቀዩም ጥግ፣ ሰማያዊውም ጥግ ሰው አለው። ደወሉ እንደተደወለ ወንጌል ሳታመነታ ወደ መሀል ገሰገሰችና ቀድማ መታች፤ ተቅዋ ጎንበስ ብላ አሳለፈችውና፣ በጥርስ መከላከያዋ ውስጥ ፈገግ ብላ፣ ገባች።